የወረቀቱ እጅና የስልኩ ጣት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከምሳ በኋላ

አሁንም እየቆጠርኩ ነው። የወረቀቱ ክምር በግራ፣ ከስልክ የታተመው በቀኝ። መሐል ላይ አንቺ፣ ደብተሬ። መዝገብ ቤቱ ይበርዳል። ከጉና የሚወርደው ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ወረቀቱን እንዳይበትንብኝ ድንጋይ ጭኜበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋ/መ/ቤት የሠራተኛውን ስሜት ልወቅ ብሎ መጠይቅ ላከ። ግማሹ ሠራተኛ በወረቀት፣ ግማሹ በስልክ ይሙላ ተባለ። የትኛው የሚታመን መልስ እንደሚያመጣ ማነጻጸር ፈልገዋል፤ የተሻለው ከርሞ ለሁሉም ይሆናል። ንጽጽሩን ጻፍ የተባልኩት እኔ። ስምንተኛ ክፍልና ዳዊት ይዤ። ሥ/አስኪያጁ፣ ጋሽ ደሴ ይበቃሉ፣ መደመር ያውቃሉ አሉ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በስልክ የሞሉት ጉና ሥር ባለው የእህል መግዣ ጣቢያችን ያሉት ተሸካሚዎች ናቸው። በወረቀት የሞሉት ደግሞ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከመጋዘኑ ጎን ስንዴና ገብስ የሚለቅሙት ሴቶች። ጥያቄው አንድ ዓይነት። "የሥራ ቦታዬ ለጤናዬ ምቹ ነው" ይላል። ከሥሩ፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እያለ ይወርዳል። መጠይቁን ሳድል እትዬ ጥሩ፣ የለቃሚዎቹ ታላቅ፣ በእስማማለሁና በበጣም እስማማለሁ መሐል ምን ልዩነት አለው ብላ ያዘችኝ። "እኔ ባሌን እንኳ ሳገባ አንዴ ነው እሺ ያልኩት፤ በጣም እሺ አላልኩም!" ሴቶቹ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የስልኩ መልስ ማር ነው። ሁሉም፣ በሁሉም ነገር፣ በጣም ይስማማል።

የወረቀቱ ሌላ ነው። የነቀዙን መድኃኒት ያነሳሉ። እህሉን እንዳይበላው በጆንያዎቹ መሐል የሚቀመጠውን ክኒን። በመጋዘኑና በመልቀሚያው ክፍል መሐል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፣ ሽታው በቀዳዳው ይመጣል ይላሉ። አንዷ ራሴን ይበጠብጠኛል። አንዷ ማታ ያስመልሰኛል። አንዷ ልጄን ሳጠባ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቦታው አልበቃ ብሎ ጀርባው ድረስ ተጽፏል።

ቃሉ የየሰዉ ነው። የእጅ ጽሑፉ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ። ከለቃሚዎቹ የአንዷ፣ የትርንጎ እጅ።

እዚህ መጻፌም አስፈራኝ። ለማን ትናገሪያለሽ፣ አንቺ እንኳ አትናገሪም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ጠዋት 4 ሰዓት

ውርጭ። ቧንቧው ቀዝቅዞ ውሃ የለም። ፊቴን በእርጥብ ፎጣ አብሼ ኪዳን አደረስኩና መጣሁ።

የጉናው ጣቢያ ተቆጣጣሪ ሞላ እህል ጭኖ መጣ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለነበር ያዝኩት። የአንተ ተሸካሚዎች የያዙት ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ በምን ሞሉት?

ፍርጥ አድርጎ ነገረኝ፣ እየሳቀ። "ጋሼ፣ የሚሆን ስልክ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ኔትወርኩ ደግሞ ጉብታው ላይ ካልወጡ የለም። ያን ሁሉ ሰው ጆንያ አስጥዬ ጉብታ ላውጣ? ስማቸውን እያሰብኩ ነካሁላቸው።"

ጠየቅሃቸው ወይ አልኩት።

"ምኑን?"

በክፋት አይደለም። እግዜር ያውቃል፣ ሞላ ክፉ ሰው አይደለም። ለምን ሁሉንም በጣም እስማማለሁ አልካቸው ስለው፣ እሱ መጀመሪያ ላይ ስላለ ነው አለ። ጣት የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጣቴ እስኪዝል ነው የነካሁት ብሎ አሳየኝ።

ሄደ። ተቀምጫለሁ። ከስልክ የታተመው ወረቀት ንጹሕ ነው፣ ፊደሉ እኩል፣ ሰልፍ የቆመ ወታደር ይመስላል። የሞላ ጣት የትም አይታይበትም። የትርንጎ እጅ ግን ከሩቅ ይታያል፤ የ'ለ'ን እግር ወደ ጎን ትጎትተዋለች።

ሁለቱንም የሞላው አንድ አንድ ሰው። እሷ ጠይቃ ሞላች፣ እሱ ሳይጠይቅ ሞላ። ዋ/መ/ቤት የሚያየው ግን የእሷን እጅ ብቻ ነው።

ይህን ለሥ/አስኪያጁ መንገር አለብኝ። ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ።


ሰኞ፣ ኅዳር 8። 9 ሰዓት

አልነገርኩም። ዓርብም አልነገርኩም። ዛሬ እሳቸው ጠሩኝ።

ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። እንደ ካርታ። እጁን አይተውታል። አንድ ሰው ነው ይህን ሁሉ የጻፈው አሉ። አድማ ነው አሉ። የሴቶቹን ስም ይዞ ድርጅቱን የሚያጠቁር ሰው ግቢው ውስጥ አለ አሉ። ስልኩን ይመልከቱ፣ አንድም ቅሬታ የለበትም፤ በስልክ እንዲህ ያለ ሸር አይሠራም።

ያኔ ነበር የሞላን ነገር መናገር። አልተናገርኩም። እሳቸው እየጠበቁኝ አልነበረም።

"ጋሽ ደሴ፣ እርስዎ የዚህን ቤት እጅ ሁሉ ያውቃሉ። ይህ የማን ነው?"

ዓይኔ ደክሟል፣ በደንብ ልየው አልኩ። በደንብ ይዩት አሉ። በትሕትና ነው ያሉት። ትሕትናቸው ነው ያስፈራኝ።

ስሚኝ። አንዱን ነገር እስካሁን ዘልዬዋለሁ፤ አሁን ልጻፈው። መጠይቁን ያደልኩ ቀን ሴቶቹ ከበቡኝ። ጋሼ እኛ ፊደል የት እናውቃለን አሉ። ትርንጎ ትጻፍላችሁ ያልኩ እኔ ነኝ። ከጅዳ የተመለሰች፣ አማርኛም ዐረብኛም የምታነብ፤ ከእሷ የተሻለ ማን አለ? ጆንያ ላይ ተቀመጠች፣ ሴቶቹ ተራ ያዙ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ እንደሚቆሙት። ትርንጎ፣ እትዬ ጥሩ ምን ልበልልሽ ትላለች፤ ያቺ ትናገራለች፣ ይህች ትጽፋለች፣ መልሳ ታነብላታለች። እዚህ አገር ሰው ያጻፈው የራሱ ቃል ነው። ብዕሩ የማን ነበር ብሎ የጠየቀ አላየሁም። እኔም ነገሬ አላልኩትም።

ደግሞ ስማችን ይወጣል ብለው ፈሩ። አይወጣም አልኩ። ይማሉልን አሉኝ። ሚካኤልን አይወጣም አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ።

ረቡዕ የቀን ሠራተኞች ክፍያ ነው። እያንዳንዷ ስትፈርም አንድ ዓረፍተ ነገር በእጇ እንድትጽፍ ታዝዟል። እጅ ለማመሳከር። ወረቀቱን የምይዘው እኔ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከክፍያ በኋላ

እጄ ሐምራዊ ነው። ቀለሙ በሳሙና አይለቅም።

ጠረጴዛው ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ። ሥ/አስኪያጁ ከኋላዬ ቆመው። የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር "ሥራዬን እወዳለሁ" የሚል ነው፣ እሳቸው የመረጡት።

አንዳቸውም አልጻፉም። ተራ በተራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው እየተጫኑ አለፉ። እትዬ ጥሩ፣ "እኔ የማውቀው ጣቴን ነው፤ እሷም አርጅታለች" ብላ ተጫነች። ስትመለስ ቆማ ግድግዳውን ያዘች። ሳል። ልብ አላልኩትም፤ አሁን ነው የታየኝ።

የትርንጎ ተራ ደረሰ። እስክሪብቶውን አየችው። እኔን አላየችኝም። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ ጫነችው፣ አጥብቃ።

ከወደኋላ አንዷ ሳቅ አመለጣት።

"አንቺ ጅዳ የኖርሽው አይደለሽም?" አሉ ሥ/አስኪያጁ።

"ጅዳ ወለል ነው የጠረግሁት፣ ጌታዬ። እስክሪብቶ አላስያዙኝም።"

ወደ እኔ ዞሩ። በሰው ሁሉ ፊት። ይህች ልጅ ትጽፋለች አትጽፍም?

ደብተሬ፣ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ፋይሏን ማየት አለብኝ አልኩ።

የሥራ ማመልከቻዋ ፋይሏ ውስጥ ነው፣ በገዛ እጇ። ያስገባሁት እኔ። ምን የሚታይ አለው? አይ ማለት ውሸት ነው። አዎ ማለት እሷን መስጠት ነው። በሁለቱ መሐል ተንጠልጥዬ፣ አንድ የማይረባ ነገር ተናገርኩና ሁለቱንም አደረግኩ። ዋሸሁም፣ ፋይሉንም ጠቆምኩ።

"ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ይዘህ ና።"

አንተ አለኝ። ከተቀጠረ ጀምሮ አንተ ብሎኝ አያውቅም። እኔም እነሆ ማክበሩን ትቼ ጻፍኩ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል። ከቅዳሴ መልስ

ከተማው በጢስ ተሸፍኗል። ኅዳር ሲታጠን፤ በየደጁ ጥራጊው ተቆልሎ ይነዳል፣ በሽታን ያባርራል ተብሎ። ከቤተ ክርስቲያን ስወርድ ከፊቴ የሚሄደውን ሰው አላየውም ነበር። ሳል እሰማለሁ፣ ሰው የለም።

ባለቤቴ ሙሉ ብትኖር በሩን ዘግታ ጥራጊውን ራሷ ትለኩስ ነበር፣ እኔን አታምነኝም፣ ንፋሱን አታይም ትለኝ ነበር። ዘንድሮ አልለኮስኩም።

የንስሐ አባቴን ከዛፉ ሥር አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። ማን ማል አለህ? የመልአኩን ስም ለወረቀት ትጠራለህ? አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ቀዝቀዝ አሉና፣ የጨነቀህ መሐላው ነው ወይስ እንጀራህ ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱም ነው አልኩ። ደግሞም አንድ ሌላ ነገር ጠየቁ፣ ያላሰብኩትን። ሴቶቹ አመመን ያሉት እውነት ነው ወይ?

አላውቅም አልኩ።

ግድግዳው ከቢሮህ ምን ያህል ይርቃል አሉ።

ግቢውን ተሻግሮ ነው። ሄጄ አሽትቼ አላውቅም። ስለ እጅ፣ ስለ ብዕር፣ ስለ ወረቀትና ስልክ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ወረቀቱ የሚለውን አንብቤ ደመርኩት እንጂ አልሰማሁትም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከሰዓት

ሄድኩ። እንዳልሄድኩ ቢሆን እወድ ነበር።

ዛሬ መድኃኒት ተደረገ። አድራጊው አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ክኒኑን በጆንያው መሐል አኖረ፣ ሸራ አለበሰ፣ በሩን ዘግቶ ፈጥኖ ወጣ። ሸራው ተቀዷል፤ በቀዳዳው ጆንያ ይታያል። እሱ ሸሸ። ከቆርቆሮው ወዲያ ሴቶቹ ስንዴ ይለቅማሉ። ለሰኞ ጭነት አለ ተብሏል።

ገባሁ። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው፣ የበሰበሰ። ትንሽ ቆሜ ጉሮሮዬ ታነቀ። ወለሉ ላይ ድንቢጦች። አንዷ ክንፏን ዘርግታ፣ አንዷ በጀርባዋ። ከሞቱት ራቅ ብላ አንዷ ገና ታፋሽካለች። ሴቶቹ ወደ ጥግ በመጥረጊያ ገፋ አድርገዋቸው ሥራቸውን ይሠራሉ። ሁልጊዜ ነው ጋሼ አለችኝ አንዷ። መድኃኒት በተደረገ ቁጥር ይወርዳሉ።

ውጡ ልበላቸው? ማን ነኝ? እንዲህ እያልኩ ስቆም እትዬ ጥሩ ወንፊቱን ከእጇ ለቀቀች። ስንዴው ፈሰሰ። ለመሰብሰብ ያጎነበሰች መስሎኝ ነበር። አልተነሳችም።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ትርንጎ አቅፋት። ሥ/አስኪያጁ፣ ሴቶቹ ቁርስ ሳይበሉ እየመጡ ነው የሚወድቁት አለ። ጾሙ መቼ ገባና አለ ዘበኛው፣ ወደ መሬት እያየ። የቀሩት ወደ ሥራ ተመለሱ። ጭነት አለ።

እኔም ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ጻፊብኝ።


እሁድ፣ ኅዳር 14። ከሆስፒታል መልስ

ቅበላ ነው። ጎረቤት ሁሉ ሥጋ ይጠብሳል። ሽታው አስጠላኝ።

እትዬ ጥሩ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት ተኝታለች። አላወቀችኝም። ሐኪሙ ምን ነክታ ነው፣ ምን ተንፍሳ ነው ይላል። የነቀዝ መድኃኒት አልኩ። ስሙን ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። ካላወቅን እንቸገራለን አለና ሄደ።

ትርንጎ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ከትናንት ጀምሮ። አውራ ጣቷ አሁንም ሐምራዊ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አስቤ የመጣሁትን ነገርኳት፦ ሰኞ ፋይልሽን አላቀርብም፣ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ፣ ከሥራም ያስወጡኝ።

ያመሰገነችኝ መሰለሽ?

"አንቱ ብቻ ሰማዕት ሊሆኑ ነዋ፣ ጋሼ" አለች።

አፈርኩ። ምን በደልኩሽ አልኳት።

"አልበደሉኝም። ግን ሰውዬው ማን ጻፈው ይላል፣ እርስዎም ማን ጻፈው ይላሉ። እትዬ ምን አለች የሚል አንድ ሰው ጠፋ? ራሴን በጠበጠኝ አለች። እኔ ጻፍኩ። እርስዎ ቆጠሩት። እሳቸው እጁን አዩት። እነሆ ተኝታለች።"

ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ በሽተኞቹን እንዳትቀሰቅስ። ስሜን ቢናገሩም ባይናገሩም የራስዎ ጉዳይ ነው አለች። ከሌላ አገር ተባርሬ አውቃለሁ፣ መባረር አይገድልም። ነገ ግን ጠዋት ሴቶቹ እዚያ ክፍል ይገባሉ። መጀመሪያ እሱን ያስቡ።

ከዚያ እንደ ልጅ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ "ይሂዱ፣ ገና ቅበላዎን አልበሉም" አለች። ያንን ደግሞ አስባ።

እየመጣሁ ሳለ አንድ ነገር ገባኝ። ከኅዳር 2 ጀምሮ አንቺ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ስለ እኔ ነው። መሐላዬ፣ ፍርሃቴ፣ ኃጢአቴ። ጸሎቴም እንደዚያው ሳይሆን አልቀረም።

ንጽጽሩን ጨርሻለሁ። አጭር ነው። በስልክ የመጣውን አንድ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ሞልቶታል፣ ከዚያ መልስ ምንም ማወቅ አይቻልም ብያለሁ። የሞላን ስም አልጠራሁም። በወረቀት የመጣው በአንድ እጅ ተጽፏል፣ ቃሉ ግን የየሴቶቹ ነው፤ ሲነገር የሰሙ አሉ፤ እንዲጻፍላቸው ያደረግኩ እኔ ነኝ ብያለሁ። ከወረቀትና ከስልክ የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ሰው ተጠይቆ የተናገረበት ይሻላል። ከሥሩ፦ ከተናገሩት አንዷ ሆስፒታል ናት፤ መድኃኒቱ ከመልቀሚያው ክፍል ይራቅ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ ሾፌሩ ጠዋት ለዋ/መ/ቤት ይዞልኝ ይሄዳል፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ።


ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠዋት፣ መዝገብ ቤት

ሌሊቱን እትዬ ጥሩ አላደረችም ወይስ አድራለች፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የትርንጎ ስልክ አይነሳም።

መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ሾፌሩ ተመለሰ። ቅጂው ኪሴ ውስጥ ነው።

ፋይሏ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። አልነካውም። ይፈልገው እንደሆነ ራሱ ይምጣና ያውጣው።

የመልቀሚያውን ክፍል ቁልፍ ከዘበኛው ጠየቅሁት። ለምን አላለኝም። እኔንም ራሴን ያመኛል ጋሼ ብሎ ሰጠኝ። በሩን ቆልፌዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም።

ሴቶቹ መጡ። በመስኮቱ አያቸዋለሁ። በሩ ተቆልፎ ሲያገኙት ዘወር ዘወር ይላሉ። ከግድግዳው ራቁ፣ ፀሐይ ላይ ሁኑ ብያቸዋለሁ። የዕለቱ ክፍያችንስ አለች አንዷ። እሱን አላሰብኩትም ነበር።

የሥ/አስኪያጁ መኪና ገባ። ወረደ። የቆሙትን አያቸው። የተቆለፈውን በር አየው። ወደዚህ እያየ ነው።

የምለውን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። መጀመሪያ፦ መድኃኒቱ እስኪወጣና ክፍሉ እስኪናፈስ ማንም አይገባም፤ የመድኃኒቱን ስም ለሐኪሙ ስጠኝ። ሁለተኛ፦ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። እጁ የማን ነው ካለኝ አልናገርም፤ አላውቅም ግን አልልም። በድጋሚ አልዋሽም። ከዚያ ወዲያ ያለውን

እየመጣ ነው። ስልኬም አሁን ጠራ፣ ትርንጎ ናት፣ ላንሳው ወይስ